አድዋ የዘመተውን ጦር ማን አበላው? (የረዘመውን ክር ላልተከታተላችሁ)

ሰላም ለሁላችሁ። ከሁለት ሳምንት በፊት የከፈትኩት ክር ሳላስበው 34 መልስ ደርሷል። አሁን ገብቶ የሚያነብ ሰው መሃሉ ላይ ያለውን ጭቅጭቅ ብቻ አይቶ ነው የሚወጣው፣ ሶስት አራት ሰውም በውስጥ መስመር ባጭሩ ምን ተባለ ብሎ ጠይቆኛል። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ከመልስ 1 ጀምሬ በራሴ አፍ ልንገራችሁ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለብጥም፣ አጣመምክብኝ የሚል ካለ ከስር ይምጣ።

መጀመሪያ የኔ ፖስት። የካቲት በመጣ ቁጥር ስለ ጎራዴው፣ ስለ ጋሻው፣ ስለ ፈረሱ እናወራለን፣ እሺ ጥሩ። ግን ምኒልክ መስከረም 7 ቀን 1888 ዓ.ም. ክተት አሉ፣ የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ እንዲከት አዘዙ፣ ከዚያ አምባላጌ፣ መቀሌ፣ አድዋ እያለ የካቲት 23 ደረሰ። ወደ 100 ሺህ የሚገመት ጦር ከአዲስ አበባ ወደ 1000 ኪሎ ሜትር በሚርቅ አገር ይሄን ሁሉ ጊዜ ምን ሲበላ ነበር? ካልኩሌተር አወጣሁ። አንድ ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ እህል ብቻ ይበቃዋል ብንል 100 ሺህ ሰው በቀን 500 ኩንታል ይፈጃል። ከጥቅምት 15 እስከ የካቲት 23 ደግሞ 128 ቀን ነው፣ ስለዚህ 64 ሺህ ኩንታል። መኪና የለ፣ ባቡር የለ። እና እኔ የጻፍኩት ምንድነው፣ ነፃነታችንን ያቆየው ጎራዴው ሳይሆን ወፍጮውና በቅሎው ነው፣ ስለዚህ መታሰቢያ የሚገባው መጀመሪያ ስንቅ ለተሸከመው ነው። ትንሽ ለነገር ፍለጋም እንደጻፍኩት አልክድም። ከስሩም የውጫሌ ውል በ1889 ከተፈረመ በኋላ ምናምን ብዬ አንድ አረፍተ ነገር ጨምሬ ነበር፣ እሷ ጉድ አፈላች፣ እመጣበታለሁ።

መልስ 1 የመጣው በእድሜ ጠና ካሉ ሰው ይመስለኛል፣ አጻጻፋቸው ረጋ ያለ ነው። ጥያቄው ጥሩ ነው ብለው ከጀመሩ በኋላ ስሌቱ ግን በዘመናዊ ጦር ልክ የተሰፋ ነው አሉ። ያኔ መንግስት ወታደር የሚቀልብበት መጋዘን ይዞ አይዞርም፣ እያንዳንዱ ዘማች የራሱን ስንቅ ይዞ ነው የሚመጣው፣ ባለ ማደሪያው ደግሞ መሬቱን የተሰጠው ሲጠሩት ስንቁንና ሰዉን ይዞ እንዲከት ነው። በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ጭኮ፣ ቋንጣ፣ ሁሉም ውሃ ብቻ ወይም ውሃም የማይፈልግ ምግብ ነው። አንድ ነገር ጨመሩ፣ ምኒልክ ከዘመቻው ጥቂት ዓመት ቀደም ብለው አስራት ያስገቡት ወታደሩ ባላገር ቤት እየገባ እንዳይበላ፣ እህሉ ተሰብስቦ እንዲሰጠው ነው፣ ስለዚህ ስለ ቀለብ አስበውበት ነበር ማለት ነው። እኔ ይሄን አላውቅም ነበር።

መልስ 2 ግን በስንቅ ጉዳይ ምንም አላለም፣ ያቺን አረፍተ ነገር ነው ያነቀው። የውጫሌ ውል በ1889 ከተፈረመና የአድዋ ጦርነት 1888 ላይ ከሆነ ጣሊያን መጀመሪያ ተሸንፎ ከዚያ በሚቀጥለው ዓመት ነው እንዴ ያታለለን ብሎ አላገጠብኝ፣ ሶስት የሳቅ ምልክት ጨምሮ። ውሉ የተፈረመው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው፣ አንተ የፈረንጁን ከኛው ቀላቅለህ ነው አለ። ልክ ነው፣ ቀላቅያለሁ። መልስ 3 ከጉድ ሊያወጣኝ ሞከረ፣ 1889 በኛ አቆጣጠር ባዶ ዓመት አይደለም፣ በጥቅምት 1889 ነው የአዲስ አበባው የሰላም ውል ተፈርሞ ውጫሌ የተሰረዘውና ጣሊያን የኢትዮጵያን ሙሉ ነፃነት የተቀበለው፣ ስለዚህ ስህተቱ የሚያምር ስህተት ነው አለኝ። አመሰግናለሁ ወንድሜ። በዚያው አጋጣሚ ግን አንዷ በመልስ 4 ለምንድነው መጽሐፍ ላይ ጦርነቱ ማርች 1 የሚባለው፣ እኛ ግን ማርች 2 የምናከብረው ብላ ጠየቀች። መልስ 5 ላይ በደንብ ተብራርቷል፦ ፈረንጆቹ 1900ን እንደ ተራ ዓመት ቆጥረው ፌብሩዋሪ 29ን ዘለሉት፣ የኛው አቆጣጠር ግን በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን 6 ያደርጋል፣ አይዘልም፣ ስለዚህ ከዚያ ወዲህ ሁለቱ በአንድ ቀን ተራራቁ። የካቲት 23 ያው የካቲት 23 ነው፣ የተንቀሳቀሱት እነሱ ናቸው። ይሄን ሳነብ ለምን እንደሆነ አላውቅም ደስ አለኝ።

ወደ ስንቁ የመለሰችን የመልስ 6 እህት ናት። ድርቆሽ ድርቆሽ ትላላችሁ፣ እንጀራውን ማን ጋገረው፣ ማን አደረቀው፣ ገብሱን ማን ቆላው፣ ማን ወቀጠው አለች። አንድ ሰው ለአንድ ወር የሚበቃው በሶ ለመፍጨት በእጅ ወፍጮ ስንት ቀን እንደሚፈጅ የሴት አያቷ ጉልበት ላይ ያለውን ጠባሳ አይታ እንደምታውቅ ጻፈች፣ ወፍጮ የሚፈጭ ሰው ተንበርክኮ ነው የሚፈጨውና። ከዚያ ዘማቹ ሲነሳም ሴቷ ቤት አትቀርም፣ እንስራ አዝላ፣ ምጣድ አስጭና፣ ሰፈር ላይ ቀድማ ደርሳ እሳት አንድዳ ትጠብቃለች። በውጊያውም ቀን ውሃ ያቀበሉት ሴቶች ናቸው አለች። ያኔ እኔ ሃሳቤን ያገኘ ሰው መጣ ብዬ ተደስቼ ነበር፣ እሷ ግን እኔንም አልማረችኝም፣ በቅሎውን ከሴቷ በፊት ጠርተኸዋል አለችኝ። ወፍጮ ብያለሁ ልላት ነበር፣ ተውኩት።

ከዚህ ተነስቶ ነገሩ ወደ ውሃ ዞረ። መልስ 7 መቀሌን አነሳ። እንዳ ኢየሱስ ላይ ጣሊያኖቹ ምሽግ ሰርተው ማጆር ጋሊያኖ ከ1000 በላይ ሰው ይዞ ገብቶበት ነበር፣ የኛ ሰው በግንብና በሽቦ ላይ እየሮጠ ብዙ አለቀ፣ በኋላ በእቴጌ ጣይቱ ምክር የሚጠጡበት ምንጭ ተያዘባቸው፣ ምሽጉ በጥማት ተፈታ። ማለትም እኔ እህል እህል ስል ጦርነቱን አንድ ጊዜ የወሰነው ውሃ ነው። መልስ 8 ትንሽ በቁጣ ነው የመጣው፣ ታዲያ ለምንድነው ምኒልክ እነዚያን ሰዎች ከነመሳሪያቸው የለቀቋቸው፣ በቅሎም ጭምር ሰጥተው፣ እነዚያው ሰዎች እኮ ከወር በኋላ አድዋ ላይ ተኩሰውብናል፣ ጋሊያኖ ራሱ እዚያው ነው የሞተው፣ ይሄ የዋህነት ነው አለ። መልስ 9 ክሩ ላይ ካሉት ሁሉ ለኔ ምርጡ ነው። የዋህነት አይደለም ብሎ ካርታውን በቃል ሳለው። የተለቀቀው የጣሊያን ጦር ወደ ወገኑ ሲሸኝ ራስ መኮንን አብረው ሄዱ፣ ዋናው ጦር ደግሞ በዚያ ሽፋን ወደ ሐውዜን፣ ከዚያ ወደ አድዋ ታጠፈ፣ የጣሊያን ጦር አዛዡ ጄኔራል ባራቲየሪ የራሱ ሰዎች መሃል ስላሉ መምታት አይችልም። እሱ አዲግራት ላይ ምሽጉን ይዞ ሲጠብቅ ንጉሱ በጎኑ አልፈው ወደ ኤርትራ የሚወስደው ሌላ በር ላይ ቆሙ። በጥቂት መቶ በቅሎ የተገዛ መንገድ። መልስ 8 ተመልሶ እሺ አላለም ግን ዝም አለ፣ እዚህ ቤት ዝምታ ትልቅ ነገር ነው።

መልስ 10 ላይ ስለ ከብት እልቂቱ የጻፉት ሰውዬ የእንስሳት ነገር የሚያውቁ ይመስላሉ። በ1880 ዓ.ም. አካባቢ በምጽዋ በኩል ለጣሊያን ጦር በመጣ ከብት ደስታ የሚባለው በሽታ አገር ውስጥ ገባ፣ አብዛኛው የአገሩ ከብት አለቀ፣ በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፣ ዝናቡም ጠፋ፣ አንበጣውም መጣ፣ ክፉ ቀን የሚባለው እሱ ነው፣ እስከ 1884 ድረስ። የመተማው ጦርነት፣ የአጼ ዮሐንስ ሞት፣ የውጫሌ ውል፣ ሁሉም በዚያ ረሃብ መሃል የሆነ ነው። ጣሊያንም ሰተት ብሎ ወደ ደጋው የወጣው በዚያው ሰሞን ነው፣ መሬቱ ሰው አልነበረውም። ስለዚህ 1888 ላይ የዘመተው ሰው ገና አራት ዓመት አልሞላውም ከረሃብ ከተነሳ፣ ትግራይ ደግሞ ጭራሽ አላገገመም ነበር፣ በግብፅም በድርቡሽም በጣሊያንም ጦርነት ሲመላለስበት የኖረ አገር ነው። ይሄን ካነበብኩ በኋላ 64 ሺህ ኩንታሌን እንደገና ሳየው ሌላ ነገር ሆነብኝ።

መልስ 11 በዚያ ላይ ገነባ። አድዋ ላይ ሁለቱም ጦር ርቦት ነበር አለ፣ ጨዋታው ማን ቀድሞ ይነሳል ነበር። ምኒልክ ስንቅ ስላለቀ ሊነሱ ጥቂት ቀን ነው የቀራቸው፣ በዚያች ቀን ራሱ ብዙ ሰው ቀለብ ፍለጋ ወጥቶ ነበር። ባራቲየሪም የቀረው ቀለብ የቀናት ነው፣ የአጋሜው ራስ ስብሐትና ደጃዝማች ሐጎስ ተፈሪ ከጣሊያን ከድተው ከበስተጀርባው መንገዱን ይቆርጡበት ጀመር፣ ስለዚህ ወደ ኋላ ልመለስ ብሎ አራቱን አዛዦቹን ሰበሰበ፣ እነሱ ውርደት ነው አሉ፣ ከሮምም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ክሪስፒ በቴሌግራም ይነዘንዘዋል፣ ከዚያ በጨለማ ተነሳ። ከአራቱ አዛዦች አንዱ አልቤርቶኔ ኪዳነ ምህረት የሚባለውን ተራራ ከሌላ ጋር አምታቶ ብቻውን ቀድሞ ሄደ፣ የቀረውን ታውቁታላችሁ፣ 56 መድፍ ይዘው መጥተው አንዱንም ይዘው አልተመለሱም። ባሻ አውአሎም ለጣሊያን እየሰለለ መስሎ ጦሩ ተበትኗል የሚለውን ወሬ ማድረሱንም አልረሳም፣ ልብ በሉ፣ ያ ወሬ የሚታመን የሆነው ጦሩ በእርግጥ ስለራበው ነው።

መልስ 12 በዚህ ተናደደ። በዚህ ዓይነት አባቶቻችን ያሸነፉት ጣሊያን ፓስታ ስላለቀበት ነው በሉና አርፉ አለ፣ ፊታውራሪ ገበየሁ ደረቱን ሰጥቶ የሞተው ለቆሎ ነው ወይ፣ ጀግንነትን በኪሎ የምትመዝኑ ሰዎች አገር አታውቁም አለ። ሁለት ሰው ወደደለት፣ መልስ 13ም በዚያው ቃና ተከተለ፣ እኔን ፈረንጅ አምላኪ አድርጎኝ። መልስ 14 የኔ ነው፣ አሁን ሳነበው ከሚገባው በላይ ሹል ነው፣ ጀግና ስለማይበላ ነው ስለ ምግቡ የማታወሩት ወይስ ምግቡን ያቀረበው ሰው ስም ስለሌለው ብዬ ነበር። ጥያቄው ግን አሁንም ያው ነው። የተራበ ሰው ጀግና አይደለም ያለ የለም፣ እንደውም ባዶ ሆዱን ምሽግ ላይ የወጣ ሰው ከጠገበው ይበልጣል።

ከዚያ መሳሪያ መጣ፣ መልስ 15። ጎራዴና ጋሻ የሚለው ስዕል ግማሽ ውሸት ነው አለ ልጁ፣ አድዋ ላይ የዘመተው አብዛኛው ሰው ጠመንጃ ነበረው፣ ውጅግራ፣ ረሚንግተን፣ ቬተርሊ። ቴዎድሮስ መድፍ ጋፋት ላይ ለማሰራት ሞክረው ተሰቃዩ፣ መቅደላ ላይ ያ ሁሉ አልበጃቸውም። ደጃች ካሳ ለእንግሊዝ መንገድ ለቀው በምላሹ መሳሪያ ተሸለሙ፣ በዚያ አጼ ዮሐንስ ሆኑ፣ ጉንደትና ጉራ ላይ በ1868 ግብፅን መትተው ደግሞ ከግብፅ ማረኩ፣ ያ መሳሪያ ነው ራስ አሉላ ጥር 1879 ዶጋሊ ላይ የተኮሰው። ምኒልክ ደግሞ ከፈረንሳይ ነጋዴ ይገዛሉ፣ ከጣሊያን ራሷም ወስደዋል፣ በውጫሌ ሰሞን ራስ መኮንን ጣሊያን ሄደው ብድርም መሳሪያም ይዘው ነው የተመለሱት። አድዋ ላይ ጣሊያንን የመታው ጥይት የተወሰነው የጣሊያን ነው ማለት ነው። እዚህ ላይ ክሩ ሞቅ ብሎ ነበር፣ ሁሉም ደስ ብሎት።

መልስ 16 ቀዝቃዛ ውሃ ቸለሰበት። ነጋዴው ጠመንጃ በነጻ አይሰጥም አለ፣ የተከፈለው በዝሆን ጥርስ፣ በዝባድ፣ በቡና፣ በወርቅ ነው፣ ያ ከየት ነው የመጣው? ከደቡብና ከምዕራብ፣ በዘመቻ ከገበሩ አገሮች። ወፍጮ ፈጪዋ ይታሰብልኝ ስትል ደግሞ ከፈጪዎቹና ከተሸካሚዎቹ መሃል ስንቱ በባርነት የመጣ እንደነበር ጻፍ፣ እነሱ ማንን ከማን ነፃ ለማውጣት ነው የተሸከሙት ብሎ ጠየቀ። ከዚህ በኋላ ከ17 እስከ 21 ያለውን አልነግራችሁም፣ ስድብ ነው፣ ብሄር ጠርቶ የተሳደበውን ሁለቱን አድሚን አጥፍቷቸዋል፣ ቁጥራቸው ብቻ ቀርቷል። መልስ 16 ግን ያልተጠፋው ስላልተሳደበ ነው፣ ደሞም ያለው ነገር መልስ ይፈልጋል፣ ሰውየው ልክ ነው ብሎ መቀበል አድዋን አያፈርስም። መልስ 22 ረጋ ብላ ሞከረች። ደጃዝማች ባልቻ በልጅነታቸው በጦርነት ሜዳ ተገኝተው፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስም በጦርነት ተማርከው ወደ ምኒልክ ቤት የገቡ ናቸው፣ አንዱ የአድዋ መድፈኛ፣ ሌላው የጦር ሚኒስትር ሆኑ፣ ባልቻ እንደውም ሸምግለው በ1929 ጣሊያንን እንደገና ሲወጉ ነው የሞቱት አለች። መልስ 16 ተመልሶ መጣ (ይሄ 23 ነው) ሁለት ሰው ስም አገኘ፣ የቀሩት አላገኙም፣ የኔም ጥያቄ ይሄው ነበር አለና ወጣ። እዚያው ላይ ቆመ፣ ማንም አልፈታውም።

መልስ 24 ለማብረድ ይሁን አላውቅም የፈረስ ስም አመጣ። አባ ታጠቅ ቴዎድሮስ፣ አባ በዝብዝ ዮሐንስ፣ አባ ዳኘው ምኒልክ፣ አባ ነጋ አሉላ፣ አባ ቃኘው መኮንን፣ አባ ነፍሶ ባልቻ፣ አባ መላ ሀብተ ጊዮርጊስ፣ ጎራው ገበየሁ። አንዱ ከስር ንጉሱም መኳንንቱም መንገዱን ሁሉ የሚሄዱት በበቅሎ ነው፣ ፈረሱ ባዶውን እየተሳበ ለውጊያ ቀን ይጠበቃል፣ ታዲያ ለምን በበቅሎ ስም የሚጠራ ጌታ የለም ብሎ ጠየቀ። እኔ በሳቅ ሞትኩ። ይሄ ለኔ ፖስት የተጻፈ ምርጥ ድጋፍ ነው፣ ሰውየው ግን ቀልዱን ነው።

መልስ 26 ወደ ቁም ነገሩ፣ ያውም ወደሚያቃጥለው፣ አስገባን፦ ካሸነፍን ለምን የመረብን ወንዝ ተሻግረን ኤርትራ አልገባንም። 27 መልሱ ያው ስንቅ ነው አለ፣ ጦሩ ደክሟል፣ ቁስለኛው ብዙ ሺህ ነው፣ ከጣሊያን አዲስ ጦር ምጽዋ እየወረደ ነው፣ የዝናቡም ወር እየመጣ ነው። 28 ይሄ ሰበብ ነው፣ ምኒልክ ከመጀመሪያውም ያን አገር በውል ሰጥተውታል አለ። 29 የጻፈው ከወዲያ ማዶ የተወለደ ሰው ነው፣ ራሱ እንደነገረን። እናንተ ስለ በሶ ትከራከራላችሁ፣ አድዋ ላይ በጣሊያን በኩል ተሰልፈው የተማረኩት አስካሪዎች (የአገሬው ተወላጅ የጣሊያን ወታደሮች) ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆርጧል፣ ከሃዲ ተብለው ነው፣ ግን አገራቸው በውል ለጣሊያን የተሰጠ ሰዎች ማንን ነው የከዱት አለ። ከዚያ ደግሞ የካቲት 12 ቀን 1929 ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም፣ ሮም ላይ ጎራዴ የመዘዘው ዘርአይ ደረስ፣ የዚያው አገር ልጆች ናቸው አለ። ማንም አልሰደበውም። መልስ 12 ራሱ፣ ያ የፓስታው ሰው፣ ይሄን አላውቅም ነበር ብሎ ጻፈለት (መልስ 30)፣ ስለሱ ያለኝን ሃሳብ ቀየርኩ።

አምስቱ ዓመት ሳይነሳ አይቀርም አልኩ፣ ተነሳ፣ መልስ 31። ተገዝተናል ተገዝተናል የሚለውን የለመድነውን ክርክር ሳይሆን ጥያቄዬን ወስዳ ወደ አርበኛው አዞረችው። በ1928 ጠመንጃው ያንሳል፣ የመሳሪያ ማዕቀብ አለ፣ ከላይ አውሮፕላንና የመርዝ ጭስ አለ፣ ማይጨው መጋቢት 22 ላይ ተፈታ፣ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ተያዘ፣ ንጉሱ ጄኔቫ ሄዱ። ከዚያ እስከ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 አምስት ዓመት ሙሉ በየጫካው ያለውን አርበኛ ማን አበላው? በላይ ዘለቀን ጎጃም፣ አበበ አረጋይን ሸዋ፣ ገረሱ ዱኪን ደቡብ ላይ ማን ቀለበ? ባላገሩ ነው። የውስጥ አርበኞቹ ናቸው፣ ሸዋረገድ ገድሌ ከከተማ ጥይትና መረጃ እያወጣች ነው ተይዛ አዚናራ ደሴት የታሰረችው። ጸሐፊዋ ስለ አያቷ እናት ነገረችን፣ ማታ ማታ ዳቦ ጋግራ በአገዳ ክምር ስር ትደብቃለች፣ ማን እንደሚወስደው አታይም፣ ማየትም አትፈልግም፣ ተይዛ ብትገረፍ የምትናገረው እንዳይኖራት። ጠዋት ጠዋት ደግሞ የጣሊያን ባንዳ እየመጣ ዶሮዋን ይወስዳል። አንድ ምድጃ ሁለት ጦር ትቀልባለች። አንድ ቀን ዳቦው ሳይነካ አደረ፣ በሚቀጥለውም አደረ፣ በሶስተኛው ቀን ለልጆቿ አበላችው፣ ለምን እንዳልመጡ እስክትሞት አልሰማችም። ይሄን ሶስቴ አነበብኩት።

መልስ 32 እንትጮ አካባቢ ቤተሰብ ያለው ነው። ሁለቱም ጦር ስሩ ስለሰፈረበት መንደር ማንም አልጠየቀም አለ፣ ምኒልክ አድዋ፣ ጣሊያን እንትጮ በኩል፣ መሃሉ ላይ ያለው ገበሬ የማንን ስንቅ ነው የሆነው? ከቤተሰቡ ሲወርድ ሲወራረድ የሰማው ድሉን ብቻ አይደለም፣ በዚያ ዓመት ለዘር የተቀመጠው እህል ጭምር መበላቱን ነው። ማን በላው ሲባል ሽማግሌዎቹ ስም አይጠሩም፣ ጦር በላው ነው የሚሉት። ድሉ የነሱም ነው፣ እሱን አይክዱም፣ በየዓመቱ ሶሎዳ ስር ቆመው ያከብራሉ። እኔ እዚህ ላይ ነው መነሻ ፖስቴን ማረም የፈለኩት። ስንቅ የተሸከመውን አስቤ ስንቁ የተወሰደበትን ረስቼዋለሁ፣ 64 ሺህ ኩንታሉ ከዘማቹ ቤት ብቻ የመጣ አስመስዬ ነበር የጻፍኩት።

33 ድርቆሽ በእርጥብ አገር ከሁለት ሳምንት በላይ አይቆይም፣ ይሻግታል፣ የኛ ሰው በደንብ የሚይዘው በሶ ነው ብሎ ከመልስ 1 ጋር ሙግት ገጠመ፣ መልስ 1ም ትህትናቸውን ጥለው ድርቆሽ አሰራር የማያውቅ ሰው ነው የሚሻግትበት አሏቸው። እስካሁን ሳይታረቁ አሉ።

34 ደግሞ ትናንት ማታ ነው የገባው፣ በቅሎ አርብቶ የሚያውቅ ሰው። ስሌትህ ላይ የሰውን ነው ያስገባኸው አለኝ፣ ያን ሁሉ እህል የተሸከመው በቅሎና አህያስ አይበላም? በጥር በየካቲት ሳር የለም፣ ገብስ ካልሰጠኸው ጭነት አይችልም፣ ስለዚህ በየቀኑ ከተሸከመው ላይ እየበላ ነው የሚሄደው፣ መንገዱ ሲረዝም የሚደርሰው እህል እያነሰ ይሄዳል አለ። ካልኩሌተሩን እንደገና አውጥቻለሁ። አንድ በቅሎ በቀን ስንት ኪሎ ገብስ እንደምትበላ የምታውቁ ጻፉልኝ፣ አህያውን ለብቻው።